የቦዩ ዳር ጉዞና የእኔ ቅናት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ገበያ ቆሜ ቃሪያ ስመርጥ፣ አንድ ሰው ከኋላዬ "ጋሼ ዘውዱ!" ብሎ ጠራኝ። ዞር ስል ቢንያም ነው። ከስንት ዓመት በኋላ! ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ ሆዱም ከሸሚዙ ቀድሞ መውጣት ጀምሯል። እውነቱን ልናገርና ሆዱን ሳይ ደስ አለኝ። ስንሳሳም ግን የግራ ትከሻውን ትንሽ ሸሸት አደረጋት፤ ደስታዬም እዚያው ጠፋ። ያቺ ትከሻ ለምን እንደምትሸሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። "ፐርዝ ከገባሁ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ ለእረፍት ነው የመጣሁት። ሻይ ሳንጠጣ አልለቅዎትም" አለኝ፤ ቃሪያዬን በላስቲክ ይዤ ተከተልኩት። ሻዩ እስኪመጣ ስለ ልጆቹ ያወራኛል። እኔ አዎ፣ አዎ እያልኩ ጆሮዬን ብቻ ሰጥቼው ልቤ ወደዚያ ዘመን ሄዷል።

ያኔ ፉትስክሬይ እንዳሁኑ አልነበረችም። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ የተደረደሩት እነዚህ ሁሉ ፎቆች ገና አልበቀሉም። ወደ ገበያው ስትታጠፉ ጥጉ ላይ የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ ነበር፤ በአምስት ዶላር ካርድ ባሕር ዳር ያለችውን እህቴን አንድ ሰዓት አወራታለሁ፣ ግማሹ "ሃሎ፣ ይሰማል?" እየተባባልን ቢያልቅም። ቀጥሎ ያለው ሲዲ ቤት መዝሙርና ዘፈን በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ መንገደኛውን አይቶ ነው የሚቀይረው፤ እኛ ጴንጤዎቹ ስናልፍ መዝሙሩን ከፍ፣ ሌላው ሲያልፍ ደግሞ እስክስታውን። ቅዳሜ ገበያው ሊዘጋ ሲል አንድ ሳጥን ቲማቲም በሁለት ዶላር ይጮህበታል። ከወንዱ እኩሌታው ብርቱካናማ የሥራ ሰደርያ ለብሶ ነው የሚውለው፤ እንዲያውም ሰርግ ላይ በሰደርያው የመጣ አውቃለሁ፣ ከሺፍት በቀጥታ። እኔም ትሩጋኒና በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ የከሰዓት ሺፍት እሠራ ነበር፤ ሥራ የምሄደውም በብስክሌት ነው።

ብስክሌት ለባሕር ዳር ልጅ ምን እንደሆነ ለሌላው ማስረዳት ይከብዳል። በስሙኒ ግማሽ ሰዓት ተከራይተን፣ እግራችን ፔዳሉ ላይ ሳይደርስ በብረቱ ስር አሳልፈን እየነዳን ነው ያደግነው። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ ትምህርት ቤቱም በብስክሌት ነው። ሜልበርን ስገባ መጀመሪያ የገዛሁት ዕቃ ከአንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ ላይ በአርባ ዶላር ያገኘኋት አረንጓዴ ብስክሌት ናት። ከባድ ናት፣ ብረት ናት፣ ግን ከድታኝ አታውቅም። ከፉትስክሬይ ወደ ምዕራብ የሚወስደኝ መንገድ በአሮጌ ቦይ ዳር ያልፋል። ቦዩ በጥንት ጊዜ የከተማውን ፍሳሽ ይወስድ የነበረ ነው፤ አሁን ደርቋል፤ በጎኑ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ ሠርተውለታል። ባለቤቴ ሙሉነሽ "የሰው ባል በባሕር ዳርቻ ይነዳል፣ የእኔው በሽንት ቤት መውረጃ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ያን መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። መስታወት የሚሰበርበትን ጥግ፣ በመስከረም ጫጩቶቿን ስትጠብቅ የሰው አናት የምትጠቀጥቀዋ ጥቁርና ነጭ ወፍ ያለችበትን ዛፍ፣ ሁሉን አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መንገዱ አውራ ጎዳናውን በድልድዩ ስር የሚያልፍበትን ቦታ አውቃለሁ። ሁለት ቀን ከዘነበ እዚያ ውሃ ይተኛል። ሲያዩት ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ ከስሩ ግን አረንጓዴ የሚያሟልጭ ነገር ሲሚንቶው ላይ ይጋገራል። ሲዘንብ በዚያ አይታለፍም፤ ትንሽ ቀደም ብሎ አጥሩ ላይ ክፍተት አለ፣ በዚያ ወጥቶ በትራፊክ መብራቱ መዞር ነው።

ቢንያም የመጣው በዚህ መሃል ነው። መሐንዲስ ነው፣ በሙያው ቪዛ አግኝቶ የገባ፤ እንግሊዝኛው ጥርት ያለ፤ ገና በሦስተኛ ወሩ ቢሮ ተቀጠረ። እኔ ይህን አገር አሥር ዓመት ስገፋው የከረምኩ ሰውዬ ያላገኘሁትን! ቤተ ክርስቲያናችን በኪራይ አዳራሽ ነበር የምትሰበሰበው፤ ልጁ በሁለት ወር ውስጥ ድምፅ ማጉያውን አስተካከለ፣ በአራተኛው ወር የወጣቶቹ መሪ ሆነ። ከዚያ አንድ እሑድ ተነስቶ፣ አገር ቤት የዓይን ሞራ ለጋረዳቸው ሽማግሌዎች ማሳከሚያ የሚሆን የብስክሌት ጉዞ እናድርግ አለ። በአንድ ቀን መቶ ኪሎ ሜትር! ከንጋቱ ተነስተን በፉትስክሬይ ዳር የሚፈሰውን ወንዝ ይዘን ወደ ላይ፣ ተመልሰን በአሮጌው ቦይ ዳር እስከ ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ ምሳ በልተን እስከ ዌረቢ፣ ከዚያ መመለስ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ያጨበጭባል፣ ሆዴ ግን ተቃጠለ። በቦዩ ዳር? የእኔ መንገድ እኮ ነው! ማን ብስክሌት ይነዳ ነበርና ከእኔ በቀር?

ይህም ይሁን፣ ይቻላል። ያልቻልኩት የልጄን ነገር ነው። ሶስና ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ፣ "ነይ ቅዳሜ አብረን እንንዳ" ስላት "ዳድ፣ አይ ሃቭ ሆምወርክ" የምትለኝ። ብስክሌት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ኮርቻዋን ይዤ ወገቤ እስኪቆረጥ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ቢንያም ጉዞውን ባወጀ ሳምንት የቤት ሥራው ሁሉ የት እንደገባ እንጃ! ቅዳሜ በጠዋት ተነስታ ልምምድ ትሄዳለች። ቢኒ እንዲህ አለ፣ ቢኒ እንዲህ አሳየን። ኮርቻዬን ከፍ አደረገልኝ፣ ለካ እስከዛሬ ዝቅ ብሎ ነበር አለችኝ። ዝቅ ያደረግኩት እንዳትወድቅ ብዬ ነው! የእሱን ብስክሌት በሁለት ጣቷ አንስታ "እያት፣ ምንም አትከብድም" ብላ አሳየችኝና ወደ አረንጓዴዋ ዞር ብላ ሳቀች። ክፋት የለበትም ሳቋ፤ ልጅ ናት። እኔ ግን ለሦስት ቀን አኮረፍኳት፤ ማኩረፌን እንኳ አላወቀችም፣ እሱ ነው የባሰው። የገዛ ልጄን ከአንድ የሠላሳ ዓመት ልጅ ጋር ስሻማ አንድም ቀን አላፈርኩም። አሁን ስጽፈው ነው የማፍረው።

ልብሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጦርነት ነበር። ቢንያም ያሰፋው ቲሸርት ደህና ነው፣ ነጭ ሆኖ ደረቱ ላይ ዓይን አለበት። ከስር የሚለበሰውን ተጣብቆ ጭን ላይ የሚቀር ቁምጣ ሲያመጣ ግን እትዬ ብርቄ፣ የእናቶች ጸሎት መሪ የነበሩት፣ ከወንበራቸው ተነሱ። "በጌታ ስም! ይህን ለብሳችሁ በአደባባይ ልትሄዱ ነው? እርቃናችሁን ብትሄዱ አይሻልም?" አሉ። ሁለት እሑድ ተከራከርንበት። በመጨረሻ ከላዩ ላይ ሰፊ ቁምጣ እንዲደረብ ተወሰነ፤ ቢንያም "ነፋስ ይይዛል" እያለ ቢለምንም ሰሚ አላገኘም። ያን ቀን ብቻ በሽንፈቱ ተደስቼ እትዬ ብርቄን እስከ ባቡር ጣቢያ ሸኘኋቸው።

መንገዱ የተወሰነበት ስብሰባ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነበር። ቢንያም ላፕቶፑን ከፍቶ ግድግዳው ላይ አንድ ቀይ መስመር አበራ። ቀዩ መስመር ቀጥ ብሎ በድልድዩ ስር አለፈ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በኮቴ የውስጥ ኪስ በእጄ የሳልኩትን ካርታ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ሦስት ምሽት የለፋሁበት ነው፣ የአጥሩ ክፍተት፣ የውሃ ቧንቧዎቹ፣ የወፏ ዛፍ ሳይቀር አለበት። ታዲያ ለምን አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። እኛ ባደግንበት ትልቅ ሰው ዘሎ አይናገርም። ስሙ ተጠርቶ "እስቲ እርስዎ ምን ይላሉ?" ይባላል፤ እሱም "ኧረ እናንተ አላችሁ" ብሎ አንድ ሁለቴ ይግደረደራል፤ ከዚያ ነው አፉን የሚከፍተው። ፓስተራችን "ሌላ ሐሳብ ያለው?" ብሎ አዳራሹን ቃኘ። ስሜ አልተጠራም። ሙሉነሽ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ተናገር እንጂ፣ መንገዱን አንተ አይደለህ የምታውቀው?"

"አልተጠየቅኩም።"

"እጅህን አውጣ።"

"ተማሪ ነኝ እጅ የማወጣው?"

ስብሰባው አለቀ። ቢንያም ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። "ጋሼ፣ እርስዎን በዚህ በዚህ ማድከም አልፈለግንም፤ ነውር ነው። አንድ ነገር ብቻ ብንለምንዎት፤ ከሁሉ ኋላ ሆነው ይጠብቁን። ኋላ የሚሆነው ልምድ ያለው ሰው ነው" አለኝ። ኋላ! በልቤ የሰማሁት ይህችን ቃል ብቻ ነው። ዛሬ ሳስበው ልጁ እንደ አባቱ እያከበረኝ ነበር። እኔ ክብሩን እጠብቃለሁ፤ እሱ በአክብሮት ሥራ እንዳያበዛብኝ ይጠነቀቃል፤ ካርታው ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ጉዞው ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ዝናብ ጣለ፤ የሜልበርን የጸደይ ዝናብ፣ በጎን የሚመታው። ዓርብ ወደ ሺፍት ስሄድ ሆን ብዬ ቀደም ብዬ ወጣሁና ድልድዩ ስር ቆምኩ። ውሃው ተኝቷል። የሰማይ ቁራጭ ይታይበታል፣ ያምራል፣ ማንም አይጠረጥረውም። ስልኬን አወጣሁና የቢንያምን ቁጥር ፈለግሁ። ልደውል ስል፣ ጠዋት ከቤት ሳልወጣ የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝ። ሶስና ክፍሏ ውስጥ ሆና ስልኳን በድምፅ ማጉያ አድርጋ ከወጣቶቹ ጋር ስታወራ፣ ቢንያም "ሶሲ፣ ነገ ከፊት ከእኔ ጋር ነሽ" ሲላት በደስታ ጮኸች። ለእኔ እንደዚያ ጮኻልኝ አታውቅም። ስልኩን ኪሴ መለስኩት። ክፉ ሐሳብ አላሰብኩም፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ያሰብኩት ምንድን ነው? ነገ እዚህ ስንደርስ፣ ልክ ሊገቡበት ሲሉ፣ "ቁሙ!" ብዬ እጮሃለሁ። ሃያ ሁለት ሰው ይቆማል። ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ ልጄም ዞራ ታየኛለች። ከዚያ በአጥሩ ክፍተት እየመራሁ አወጣቸዋለሁ። ሺፍቴን እስክጨርስ ይህንኑ ትዕይንት ሳጣጥም ዋልኩ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ፓስተሩ ጸልዮ ሸኘን። ዝናቡ ቆሟል፣ አየሩ የታጠበ ነው፣ የባሕር ዛፉ ሽታ እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ አለ። ወንዙን ይዘን ስንወጣ ወጣቶቹ መዝሙር ጀመሩ፤ አንዱ ከፊት ያወጣል፣ ኋላ ያለነው እንቀበላለን፤ ጀልባ ቀዛፊዎቹ ፈረንጆች እጃቸውን አወዛወዙልን። ከሩቅ የሶስናን ነጭ ሄልሜት አያለሁ፤ ከቢንያም ጎን ለጎን ናት። ቦዩ ዳር ስንገባ ትንሽ በትንሽ ወደ ፊት መጠጋት ጀመርኩ። ለድልድዩ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀር አንዷ እህት "ጋሼ፣ ካቴናው ወለቀብኝ!" ብላ ተጣራች። ኋላ ያለው ሰው ሥራው ይህ ነው፤ ጥዬ መሄድ አልችልም። እጄ በዘይት እየተንሸራተተ ካቴናውን እታገላለሁ፤ ሌሎቹ ይርቃሉ። መልሼ ስጨርስ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። አረንጓዴዋ እንደዚያ በርራ አታውቅም። "ቁሙ! ቁሙ!" እያልኩ በባዶ መንገድ ላይ ጮኽኩ።

ስደርስ ቢንያም ውሃው ውስጥ ተቀምጦ ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ደግፎ ይዟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሌሎች ሁለት ልጆች ጉልበታቸው ተልጦ እየተነሱ ነው። ሶስናን በዓይኔ ፈለግኳት። አልወደቀችም። ከውሃው በፊት፣ ደረቁ ላይ፣ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ ፍሬን ይዛ ቆማለች፤ ፊቷም ወደ እኔ ነው። ጥንቁቅ ልጅ አለችኝ፣ ተመስገን አልኩ። አምቡላንስ እስኪመጣ ከቢንያም አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ አየሁና፣ ይታያችሁ፣ ሰውዬው ትከሻው ተሰብሮ እንኳ ቀናሁ። ከዚያ ከእሱ ጋር ሁለት ሰው ትተን የቀሩትን በአጥሩ ክፍተት አውጥቼ እስከ ሆፐርስ ክሮሲንግ፣ እስከ ዌረቢ፣ ከዚያም እስከ ቤተ ክርስቲያን መራኋቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስንገባ እትዬ ብርቄ እልልታቸውን አቀለጡት። "ጋሼ ዘውዱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!" ተባለ። በሚቀጥለው እሑድ ቢንያም ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ መድረክ ላይ ወጣ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መንገዱን ቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ጋሼን እናመስግን" አለ። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበልኝ። ሶስና አልቆመችም። ጫማዋን እያየች ተቀምጣ ነበር፤ እኔም ለእሱ አዝና ነው ብዬ ደግሜ ቀናሁ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቷን ነክታ አታውቅም። ዕድሜዋ ነው አልን። አሁን ጂሎንግ ከተማ ነርስ ናት፤ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን በመካከላችን ሁልጊዜ አንድ ወንበር ክፍት ያለ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሻዩ ቀዝቅዟል። ቢንያም ስለ ፐርዝ ሙቀት ያወራል። ድንገት አቋረጥኩት።

"ቢንያም፣ ያ ውሃ... እኔ አውቅ ነበር። ዓርብ ዕለት ቆሜ አይቼዋለሁ። አልነገርኩህም።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። አልደነገጠም፤ እኔ ነኝ የደነገጥኩት።

"ዓርብ መሄድዎን አላውቅም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "መንገዱን እንደሚያውቁት ግን አውቃለሁ፣ ጋሼ። ሶሲ ነግራኛለች።"

"ምን ብላ?"

"እዚያው፣ አምቡላንስ ስንጠብቅ። ልጅ እያለች ከኋላዎ አስቀምጠው በዚያ ይወስዷት ነበር አሉ። 'ሲዘንብ በአጥሩ ነው የምንዞረው' አለችኝ። 'እያወቅኩ አልነገርኩህም' ብላ በጣም አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ አስማለችኝ፤ አባቴ ያውቅ እንደነበር ለማንም እንዳትናገር፣ ለራሱም እንዳትነግረው አለችኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ጋሼ! ምን ማድረግ እችላለሁ? መድረክ ላይ ወጥቼ የራሴ ጥፋት ነው አልኩ።"

ከኋላዬ አስቀምጬ! ረስቼው ነበር። ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ወገቤን ይዛ "አባዬ፣ ወፏ መጣች!" እያለች ጀርባዬ ላይ ፊቷን ትቀብር ነበር። መንገዱ የእኔ ብቻ ነው ብዬ ስንገበገብ ለእሷ አስቀድሜ እንደሰጠኋት ረስቻለሁ። ቢንያም ሒሳቡን ከፍሎ፣ ያችን ትከሻ ሸሸት አድርጎ ስሞኝ ሄደ፤ ቅር እንዳልተሰኘብኝም ነገረኝ። ማፈር ነበረብኝ፤ አፍሬያለሁም። ግን ወደ መኪናዬ ስሄድ ከእፍረቱ በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ለእሱ ነገረችው። ለእኔ ሳይሆን ለእሱ። እነሆ በስድሳ አምስት ዓመቴ፣ ቃሪያ ይዤ፣ ያንኑ ሰው ያንኑ ቅናት ቀናሁበት።

መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ደወልኩላት። ከሥራ ገና መውጣቷ ነው።

"አባዬ? ደህና ነህ?"

"ቢንያምን አገኘሁት።"

መኪኖች ሲያልፉ ይሰማኛል።

"ነገረህ እንዴ?" አለች በመጨረሻ፣ በአማርኛ።

"ነገረኝ። ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም፣ ሶስና? ለምን ያኔውኑ 'አባዬ፣ እያወቅክ ለምን ዝም አልክ' አላልሽኝም?"

እንደ ልጅነቷ በቀጭኑ ድምጿ፣ "ስብሰባው ላይ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ" አለችኝ። "ዓርብ ጠበቅኩ። ድልድዩ ጋ ስንደርስም ቢኒን ላስቆመው አፌን ከፍቼ ነበር፣ አባዬ። መንገዱ ያንተ ነው፣ አንተ ብትነግራቸው ይሻላል ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ ፈለግኩህ፤ አልነበርክም።"